የታዘዘ መድኃኒት ሱስ ሲሆን፦ የእንቅልፍና የሕመም ማስታገሻ ክኒን ያለ አደጋ የሚቀነስበት መንገድ

ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ ባሉ መድኃኒት ቤቶች መስኮት ላይ ደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ አለ፦ «ሐኪም ነው ያዘዘልኝ፤ አሁን ግን ካልወሰድኩት እንቅልፍ በዓይኔ አይዞርም። እንዴት ልተወው?» ሌላው ጠያቂ ለወገቡ ትራማዶል ጀምሮ፣ ሕመሙ ከለቀቀው በኋላም ካፕሱሉን መተው ያቃተው ነው። ለእያንዳንዱ በየተራ ከመመለስ አንድ ላይ ጽፈነዋል።

ከሁሉ በፊት ግን ይህን ያንብቡ፦ መድኃኒቱን ለሳምንታት በየቀኑ ከወሰዱ ዛሬ ድንገት አያቁሙ። ዳያዜፓምንና መሰሎቹን በአንድ ጊዜ መተው አንዘፍዝፎ ሊጥል፣ ሕይወትም ሊያሳጣ ይችላል። ትራማዶልን በድንገት መተው ደግሞ ሥቃዩ ስለሚበረታ ብዙ ሰው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ወደ መድኃኒቱ ይመለሳል።

የትኞቹን መድኃኒቶች ይመለከታል?

ሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው የእንቅልፍና የጭንቀት መድኃኒት ነው፦ ዳያዜፓም (ብዙ ሰው ቫሊየም የሚለው)፣ ብሮማዜፓም፣ አልፕራዞላም፣ ሎራዜፓም፣ ክሎናዜፓም። ሁለተኛው ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ነው፦ ትራማዶል፣ ኮዴይን ያለበት ክኒንና የሳል ሽሮፕ፣ ሞርፊን፣ ፔቲዲን።

ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ እንዲህ ያለ ሱስ አያስይዙም። የሚጥል በሽታ መድኃኒት (ፌኖባርቢታል ጭምር) የሚወስድ ሰው ይህን መመሪያ ይዞ መድኃኒቱን እንዳይነካ፤ የእሱ ጉዳይ ሌላ ነው። ክሎናዜፓምም ቢሆን ለሚጥል በሽታ የታዘዘ ከሆነ እንደዚያው ነው።

ቤት ውስጥ መጀመር የሌለባቸው

ከዚህ በፊት አንዘፍዝፎት የሚያውቅ፣ በየቀኑ አረቄ ወይም ሌላ መጠጥ የሚጠጣ፣ ነፍሰ ጡር፣ ሁለቱን ወገን መድኃኒት አንድ ላይ የሚወስድ፣ በመርፌ የሚወስድ፣ ወይም ራሱን የማጥፋት ሐሳብ የሚመላለስበት ሰው የሚጀምረው ሆስፒታል ሄዶ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት «ለልጄ ብዬ» በራሷ ማቆም የለባትም፤ ድንገተኛ ማቋረጥ ፅንሱንም ይጎዳል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አንድ ደብተርና እስክሪብቶ፤ ስልክ ላይ መጻፍም ይቻላል፣ ሐኪም ፊት ለመግለጥ ግን ደብተር ይቀላል
- ቤት ያለው የመድኃኒት ማሸጊያ ሁሉ፣ ባዶውም ጭምር
- የክኒን መቁረጫ፤ ካላገኙ አዲስ ምላጭና ጠፍጣፋ ሳህን
- መድኃኒት ቤት ክኒን ቆጥሮ የሚሰጥባት ዓይነት 7 ትንንሽ ፖስታ
- ቁልፍ ያለው ሳጥን
- ቁልፉን የሚይዝ አንድ የሚያምኑት ሰው፦ እናት፣ ባል ወይም ሚስት፣ እህት፣ የልብ ጓደኛ
- መታወቂያ፣ የጤና መድህን ካለዎት ደግሞ ካርዱ

ደረጃ በደረጃ

1. ያለውን ሁሉ አውጥተው ይቁጠሩ፣ ለ7 ቀን ይመዝግቡ። ቦርሳ፣ ኮሞዲኖ፣ የመኪና ኪስ፣ የሥራ መሳቢያ ሁሉ ይታይ። ማሸጊያው ላይ የመድኃኒቱን ስምና ሚሊግራሙን ያንብቡ፤ ሁለት የተለያየ የንግድ ስም ያላቸው ክኒኖች ውስጣቸው አንድ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ለአንድ ሳምንት ምንም ሳይቀይሩ የወሰዱትን መጠንና ሰዓት ይጻፉ። «2 ሰዓት» ብቻ አይበቃም፤ የጠዋት ወይስ የማታ መሆኑን ይለዩ። ቢራ፣ ጠጅ፣ ጫትና ቡናም ይመዝገቡ።

ይህ የሚያስፈልገው የመቀነሻው ሰሌዳ የሚነሣው ከእውነተኛው መጠን ስለሆነ ነው። በአፍ «አንድ አንድ ነው የምወስደው» የሚባለው ሲቆጠር ብዙ ጊዜ ሦስት ይሆናል። ያልተነገረች ፍሬ ስትኖር የመጀመሪያው ቅናሽ ከታሰበው በላይ ትልቅ ይሆንና ሰውየው በሳምንቱ ይወድቃል።

2. የተለመደው ሰውነትዎ ብቻ ነው ወይስ ሱስ ጭምር? እነዚህን ይመልሱ፦ ከታዘዘው በላይ ወስደው ያውቃሉ? ለሌላ ሰው የታዘዘ ወስደዋል? በአንድ ወር ከሁለት ሐኪም አስጽፈዋል? ያለ ማዘዣ ገዝተዋል? ሥራ ወይም ቤተሰብ ተጎድቶም መተው አቅቶዎታል? መልሱ ሁሉ «የለም» ከሆነ፣ ሲያቋርጡ ግን የሚያምዎት ከሆነ፣ ሰውነትዎ ለምዶታል ማለት ነው፤ ለዚህ ቀስ እያሉ መቀነስ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ሁለት ሦስቱ «አዎ» ከሆነ ከመቀነሱ ጎን ለጎን የሱስ ምክርና ክትትል ያስፈልጋል። ሁለቱም በሕክምና የሚረዱ ናቸው፤ የሚያሳፍርም ነገር የለበትም።

3. አንድ ሐኪም፣ አንድ መድኃኒት ቤት ይያዙ። መጀመሪያ ያዘዘልዎት ሐኪም ከተገኘ እሱ ይመረጣል። ካልተገኘ በወረዳዎ ጤና ጣቢያ ጀምረው ሪፈር ያጽፉ። መሀል ከተማ ላሉ ዘውዲቱ መታሰቢያ፣ ጥቁር አንበሳና ቅዱስ ጳውሎስ የአዕምሮ ሕክምና አገልግሎት አላቸው፤ አዲስ ከተማ ያለው አማኑኤል የአዕምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የሱስ ሕክምናም ይሰጣል። ካርድ ለማውጣት ጠዋት በጊዜ ይድረሱ፣ ደብተሩንና ማሸጊያዎቹን ይዘው ይግቡ። ሐኪሙ ፊት አፍ ከተሳሰረብዎ ይህን ብቻ ይበሉ፦ «ይህን መድኃኒት ይህን ያህል ጊዜ ወስጃለሁ፤ ቀስ ብዬ ማቆም እፈልጋለሁ፤ ሰሌዳ አውጡልኝ።»

ከአንድ መድኃኒት ቤት ብቻ መግዛት ለምን? ፋርማሲስቱ የሚሰጥዎትን ፍሬ ብዛት ይቆጣጠራል፣ አብሮ የማይሄድ ሌላ መድኃኒት ሲታዘዝም ያየዋል። የወሩን በአንድ ጊዜ ከመውሰድ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ።

4. ሰሌዳውን ያውጡ። ሥራው ሁሉ የሚያርፈው እዚህ ላይ ስለሆነ አይቸኩሉ።

ለዳያዜፓምና መሰሎቹ የተለመደው ልክ በየ2 እስከ 4 ሳምንት ከ5 እስከ 10 በመቶ መቀነስ ነው፤ ክኒኑ ከዚያ ባነሰ በማይቆረጥበት በመጨረሻዎቹ ደረጃዎች ካልሆነ በቀር፣ በ2 ሳምንት ውስጥ ከሩቡ በላይ አይቀነስም። በየማታው 10 ሚ.ግ ዳያዜፓም፣ ማለትም ባለ 5ቱን ሁለት ፍሬ የሚወስድ ሰው ክኒን ተቆርጦ በሚገኘው ልክ፣ ቅናሹ ከ10 በመቶ ከፍ ቢልም፣ እንዲህ ያለ ሰሌዳ ሊወጣለት ይችላል፦

- 1ኛና 2ኛ ሳምንት፦ 8.75 ሚ.ግ (አንድ ሙሉና ሦስት ሩብ)
- 3ኛና 4ኛ ሳምንት፦ 7.5 ሚ.ግ (አንድ ተኩል)
- 5ኛና 6ኛ ሳምንት፦ 6.25 ሚ.ግ (አንድ ከሩብ)
- 7ኛና 8ኛ ሳምንት፦ 5 ሚ.ግ (አንድ)
- ከ9ኛው ሳምንት ጀምሮ ወደ ባለ 2 ሚ.ግ ክኒን ይዞራል፤ በየ2 ሳምንቱ ሩብ ፍሬ (0.5 ሚ.ግ) እየቀነሰ 4.5፣ 4፣ 3.5 እያለ እስከ 0.5 ይወርዳል፤ 26ኛው ሳምንት ሲያልቅ ያቆማል

ስድስት ወር ረዘመ የሚሉ አሉ። ምክንያቱ ግን አለው። ዳያዜፓምና በሰውነት ውስጥ የሚለወጥበት ነገር ከደም ለመውጣት ብዙ ቀን ይፈጃሉ፤ የዛሬው ቅናሽ የሚሰማዎት ከሦስት አራት ቀን በኋላ ነው። በየሦስት ቀኑ የሚቀንስ ሰው የመጀመሪያው ሳይሰማው ሁለተኛውን ይደርብበታል። ወደ ታች ሲኬድ ቁራጩ የሚያንሰውም በምክንያት ነው፦ ከ10 ላይ 1.25 ማንሣት ስምንተኛውን ማንሣት ሲሆን፣ ከ2.5 ላይ ያንኑ ማንሣት ግማሹን መጣል ነው። ብዙ ሰው የሚሰናከለው በመጀመሪያው ሳይሆን በመጨረሻው ሩብ ላይ ነው፤ «ትንሽ ናት፣ ምን ታመጣለች» ይልና ጥሎ ይወጣል።

አልፕራዞላም ከሆነ ቶሎ ከሰውነት ስለሚወጣ ሐኪሙ መጀመሪያ ወደ ዳያዜፓም ሊያዞርዎት ይችላል። ልወጣው ሚሊግራም በሚሊግራም አይደለም፤ 0.5 ሚ.ግ አልፕራዞላም ወደ 10 ሚ.ግ ገደማ ዳያዜፓም ነው። ስለዚህ በራስዎ ግምት አያዙሩ።

ትራማዶል ደግሞ ባለ 50 ሚ.ግ ካፕሱል ስለሆነ አይቆረጥም፤ የሚቀነሰው በፍሬ ነው። በቀን 8 ፍሬ (400 ሚ.ግ) የሚወስድ ሰው በየ2 ሳምንቱ አንድ ፍሬ፣ ከአንድ ዓመት በላይ ከወሰደ በየወሩ አንድ ፍሬ ያነሣል። በቅድሚያ የቀኑን፣ በመጨረሻ የመኝታውን ይቀንሱ፤ ሌሊት ላይ ሲጎድል ቀስቅሶ ያስነሣልና። በቀን ከ400 ሚ.ግ በላይ የሚወስድ ካለ ማንዘፍዘፍ ሊያስከትል ስለሚችል ሰሌዳ ሳይጠብቅ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ይሂድ። ዝግ ብሎ የሚሟሟውን ባለ 100 ወይም ባለ 200 ሚ.ግ ትራማዶል ፈጽሞ አይቁረጡ፣ አይፍጩ፣ አያኝኩ፤ የ12 ሰዓቱ መጠን በአንድ ጊዜ ይለቀቃል።

5. የሳምንቱን ቆርጠው በፖስታ ያስቀምጡ። እሑድ ቀን፣ በደህና ብርሃን፣ መስመር ያለውን ክኒን በመስመሩ ይቁረጡ፤ ሩብ ለማድረግ ግማሹን እንደገና ለሁለት። ተሰባብሮ ዱቄት የሆነውን ከሩብ አይቁጠሩት። በየፖስታው ላይ ቀንና ሰዓት ይጻፉ፣ ሳጥኑን ቆልፈው ቁልፉን ላመኑት ሰው ይስጡ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ነቅቶ «አንዲት ብቻ» የሚለውን ሐሳብ የሚያሸንፈው ክኒኑ በእጅ አለመገኘቱ ነው።

6. ሰውነት ሲያጉረመርም ምን እንደሆነ ይለዩ። ትራማዶልና ኮዴይን ሲቀነሱ ማዛጋት፣ የአፍንጫና የዓይን ውሃ፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ተቅማጥ፣ የእግር መቁነጥነጥ ይመጣል። ትራማዶል በተጨማሪ ጭንቀትና እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ስሜት ሊያመጣ ይችላል። ዳያዜፓም ሲቀነስ እንቅልፍ ማጣት፣ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ድምፅና ብርሃን መጥላት፣ ንጭንጭ ይኖራል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ይህ ሁሉ የመጀመሪያውን ሕመም ይመስላል። ጭንቀት ነበረብኝ፣ ስቀንስ ጭንቀቱ መጣ፣ ስለዚህ በሽታዬ አልዳነም ይላል፤ ክኒኑንም ወደ ቀድሞው ይመልሳል። መለያው ጊዜው ነው። ከቅናሽ በኋላ ባሉት ቀናት ውስጥ ጀምሮ በአንድ ሁለት ሳምንት እየበረደ የሚሄድ ከሆነ የመቀነሱ ስሜት ነው። ከበፊቱ ያልነበረ አዲስ ምልክት ከታከለበትም እንደዚያው። ሳምንታት አልፈውም እየባሰ የሚሄድ ከሆነ ግን ለሐኪም ይነገር። ለዚህ ነው በየማታው ደብተሩ ላይ ከ0 እስከ 10 ነጥብ መስጠት የሚያስፈልገው፤ የተጨነቀ ሰው «ሁልጊዜ እንዲህ ነኝ» ይላል፣ ደብተሩ ግን ያለፈው ማክሰኞ 8 እንደነበረና ዛሬ 4 እንደሆነ ያሳያል።

ከከበደዎ ባሉበት መጠን ላይ ተጨማሪ 2 ሳምንት ይቆዩ። ከሐኪሙ ጋር ሳይነጋገሩ ወደ ላይ አይመለሱ። ለተቅማጥ አንድ ፓኬት ኦአርኤስ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን፣ ባለ 1 ሊትሩ ከሆነ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጠው ቀኑን ሙሉ ይጎንጩ፤ ምግብ እንቢ ካለ አጥሚትና ሾርባ ይሞክሩ።

7. ክኒኑ ይሸፍነው የነበረውን ችግር ያክሙ። ይህ ካልተሠራ ሰሌዳው ብቻውን አይዘልቅም።

ለእንቅልፍ፦ የመነሻ ሰዓትዎን በየቀኑ አንድ ያድርጉት። ለኪዳን ወይም ለሱብሒ የሚነሡ ከሆነ ያው ሰዓት መነሻዎ ይሁን፣ መኝታውን ግን ቀደም ያድርጉት። አልጋ ላይ 20 ደቂቃ ያህል እንቅልፍ እንቢ ካለ ተነሥተው ደብዘዝ ያለ ብርሃን ላይ ይቀመጡ፣ ሲያንጎላጅዎ ይመለሱ፤ አልጋ የመገላበጫ ቦታ ሆኖ እንዳይለመድ ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ቡና ይቅር። የጎረቤት ቡና ማታ ከሆነ ከጨዋታው አይቅሩ፣ ስኒውን ግን ይለፉት። ከሰዓት በኋላ ጫት የሚቅሙ ከሆነ ደግሞ በግልጽ እንነጋገር፦ ምርቃናውን ለመስበር ማታ ክኒን ወይም መጠጥ የሚወስድ ሰው ጫቱን ሳይነካ ክኒኑን መቀነስ አይሆንለትም።

ለሕመም፦ ፓራሲታሞል ባለ 500 ሚ.ግ ሁለት ፍሬ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ጊዜ ሳያልፍ፤ ጉበቱ የታመመ ወይም መጠጥ የሚያዘወትር ሰው መጠኑን ሐኪም ይወስንለት። የቆየ የወገብ ሕመም ከመኝታ ይልቅ በእርምጃና በፊዚዮቴራፒ ይሻለዋል።

8. ከጨረሱ በኋላ። የመጀመሪያዎቹ ወራት ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ሰውነት መቋቋሙን ስለተወ ድሮ የለመዱት መጠን ዛሬ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። አንድ ቀን ወድቀው ቢወስዱ በማግስቱ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ከነበሩበት እንጂ ከዜሮ አይጀመርም። ጥርስ ሲያስነቅሉ ወይም ቀዶ ሕክምና ሲኖርዎ «ይህን መድኃኒት ለምጄ ትቻለሁ» ብለው አስቀድመው ያስታውቁ።

አስቸኳይ ሁኔታ

ሰውየው ሲጠሩትና ሲነቀንቁት የማይነቃ፣ ትንፋሹ የዘገየ ወይም የሚያንኮራፋ፣ ከንፈሩ የጠቆረ ወይም ሰማያዊ የሆነ ከሆነ በጎኑ አስተኝተው ወደ 907 (ቀይ መስቀል አምቡላንስ) ወይም 939 ይደውሉ። ወተት፣ ቡና፣ ሎሚ አያጠጡ፤ ለማስታወክም አይሞክሩ፤ ወደ ሳንባው ይገባል። የክኒኑን ማሸጊያ ይዘው ይሂዱ።

ሲያንዘፈዝፈው ክብሪት ማሽተት አይጠቅምም፤ ማንኪያ አፉ ውስጥ መክተት ጥርስ ይሰብራል። በዙሪያው ያለውን ነገር ያርቁ፣ ከጭንቅላቱ ሥር ጋቢ ያድርጉ፣ ሰዓት ይያዙ፣ ሲበርድ በጎኑ ያስተኙት። ከ5 ደቂቃ ካለፈ፣ ከተደጋገመ ወይም መድኃኒት በመቀነስ ላይ ያለ ሰው ከሆነ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ።

የተለመዱ ስሕተቶች

- አንድ ቀን ወስዶ አንድ ቀን መዝለል። በተለይ ቶሎ ከሰውነት የሚወጣ መድኃኒት ከሆነ መጠኑ በየቀኑ ይወጣል ይወርዳል፤ ሰውነት አይለምደውም። በየቀኑ እኩል፣ ግን ያነሰ ይውሰዱ።
- ክኒኑን በአረቄ መተካት። መጠጥና ዳያዜፓም ወይም ትራማዶል ሲደራረቡ ትንፋሽ ያደክማሉ።
- ጠበል ሲገቡ መድኃኒት መጣል። ጠበሉን ይጠመቁ፣ ሰሌዳውንም ይቀጥሉ፤ ለአባም ይንገሯቸው። በድንገት ማቋረጥ የሚያመጣው ማንዘፍዘፍ በሌላ ነገር ተተርጉሞ ሕክምናው የዘገየበት ሰው ይጎዳል።
- በጾም የጠዋቱን መዝለል። እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ ወይም ረመዳን የሚይዙ ከሆነ ጾሙ ሳይገባ ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር ያሸጋሽጉ።
- በቅናሽ ሰሞን መኪና ወይም ሞተር መንዳት። ቢያንስ አዲሱ መጠን እስኪረጋ ይተዉት።
- ከፍሉኦክሰቲን ወይም ከአሚትሪፕቲሊን (የድብርት መድኃኒቶች) ጋር ትራማዶል መውሰድና ለሐኪሙ አለመንገር። ትኩሳት፣ መንቀጥቀጥና መደናገር ሊያስከትል፣ ማንዘፍዘፍም ሊያመጣ ይችላል።

ገና ዛሬ ለታዘዘልዎ

ከመውጣትዎ በፊት ሐኪሙን ይጠይቁ፦ ለስንት ቀን ነው? በምን ቀን አቆማለሁ? ሳቆም መቀነስ አለብኝ? ለድንገተኛ ሕመም ጠንካራ ማስታገሻ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 7 ቀን ይበቃል፤ የእንቅልፍ ክኒን ከ2 እስከ 4 ሳምንት ካለፈ መልመድ ይጀምራል። የማቆሚያውን ቀን ማሸጊያው ላይ ይጻፉት። ለወገብ የታዘዘልዎትን ለጎረቤት ወገብ አያካፍሉ፤ የሚያጠቡ ከሆነም ያስታውቁ።

የተረፈውን «ለክፉ ቀን» አያስቀምጡ። ወደ ገዙበት መድኃኒት ቤት መልሰው እንዲያስወግዱት ይጠይቁ። ካልተቀበሉ ክኒኑን ከማሸጊያው አውጥተው ከቡና አተላ ጋር ይቀላቅሉት፣ በፌስታል አስረው ከቆሻሻ ጋር ይጣሉት፤ ከማሸጊያው ላይም ስምዎን ይፋቁ።